ቆሻሻው የት ሄደ? ረግረግንና የውሃ ብክለትን ለታዳጊዎች ማስተማር

አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ "ረግረግ ምን ይጠቅማል?" ብላችሁ ጠይቁት። "ውሃ ያጣራል" ይላችኋል። ልክ ነው፤ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። አሁን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ "ያጣራው ቆሻሻስ የት ሄደ?" አብዛኛው ልጅ እዚህ ጋ ይቆማል። አንዱ "ጠፋ" ይላል። ሌላው "ዕፅዋቱ በሉት" ይላል። ደፈር ያለው "መሬት ውስጥ ገባ" ብሎ ይገላገላል።

በእኔ እምነት ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ረግረግና ስለ ውሃ ብክለት የሚሰጠው ትምህርት በሙሉ በዚህች ሁለተኛ ጥያቄ ላይ መቆም ይችላል። ቁስ አካል ዝም ብሎ አይጠፋም። ልጆቹ ይህን ተምረውታል። ረግረግ ላይ ሲደርሱ ግን ይረሱታል፤ እኛው ራሳችን ረግረግን እንደ አስማት አድርገን ስለምናቀርብላቸው ነው። ቆሻሻ ገባ፣ ንጹህ ወጣ፣ ደወል ተደወለ። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ አድጎ "ፍሳሹን ወደ ረግረጉ ልቀቁት፣ ያጣራዋል" ቢል ምን ይፈረድበታል?

ከጭቃው መጀመር

ብዙው መማሪያ የሚጀምረው ከትርጓሜ ነው። ትርጓሜ አይጎዳም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1971 በካስፒያን ባህር ዳርቻ በምትገኘው የኢራን ከተማ ራምሳር የተፈረመው ስምምነት ነገሩን በጣም አስፍቶ ነው የሚያየው። ተፈጥሯዊ ይሁን ሰው ሠራሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይኑረው ወይም በወቅት ይሙላ፣ ውሃው ይቁም ወይም ይፍሰስ፣ ጨዋማ ይሁን አይሁን፣ ሁሉም ይካተታል። የባህር ዳርቻ እንኳ ማዕበሉ ወደኋላ ሲሸሽ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር ካልበለጠ በዚሁ ስም ይጠራል። የዓለም የረግረጋማ መሬቶች ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 የሚከበረውም ስምምነቱ የተፈረመው በዚያ ዕለት ስለሆነ ነው።

ልጆች ግን ይህን ዝርዝር በቃላቸው ይይዙትና በሳምንቱ ይረሱታል። አንድ አካፋ ጭቃ ግን አይረሱም።

ከረግረግ የወጣ ጭቃ ጋዜጣ ላይ ይዘርጉት። መጀመሪያ የሚገርማቸው ቀለሙ ነው። ግራጫ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ይንጫጫል። ከዚያ ጠጋ ብሎ የሚያይ ልጅ በግራጫው ጭቃ መሃል ቀጫጭን የዝገት ቀለም ያላቸው መስመሮች ያገኛል። መስመሮቹ የሚሄዱት የዕፅዋቱን ሥር ተከትለው ነው።

ትምህርቱ በሙሉ እዚህ ጭቃ ውስጥ አለ። በደረቅ መሬት ላይ አፈርን ቀይ ወይም ቡናማ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለሚዝግ ነው። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ያለቀው ቶሎ አይተካም። ያኔ ብረቱ ይሟሟል፣ የዝገቱ ቀለም ይለቅና አፈሩ ግራጫ ይሆናል። ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ሲያጡ ሰልፌት በተባለ ድኝ ያለበት ውህድ መጠቀም ይጀምራሉ፤ ያ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ በሥሩ ዙሪያ ዝገት ከየት መጣ? የሸንበቆ፣ የደንገል ወይም የፊላ ግንድ በምላጭ ቆርጣችሁ አሳዩአቸው። ውስጡ ባዶ ክፍሎች ሞልተውታል። ተክሉ በእነዚህ ክፍሎች አየር ከላይ ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ከዚያም የተወሰነው ኦክስጅን ከሥሩ ወደ ጭቃው ይሾልካል። ዝገቱ የዚያ ምልክት ነው። እንግዲህ ኦክስጅን ያለው ቦታና የሌለው ቦታ በሚሊሜትር ተለያይተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ናይትሮጅን ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

የስፖንጁ ሙከራ ጥሩም መጥፎም ነው

በብዙ ክፍሎች የሚሠራ አንድ ሙከራ አለ። ዘንበል ባለ ትሪ ላይ አፈር ይደረጋል፣ ከታች በኩል ስፖንጅ ይቀመጣል፣ ከላይ የደፈረሰ ውሃ ይፈሳል። ስፖንጁ ካለ ውሃው ቀስ ብሎና ጠርቶ ይወርዳል። ስፖንጁ ሲነሳ በአንዴ ደፍርሶ ይወርዳል። "ስፖንጁ ረግረጉ ነው" ይባላል።

ሙከራው ሁለት ነገሮችን በደንብ ያሳያል። አንደኛው ጎርፍን ማዘግየት ነው። ሁለተኛው ደለል ማስቀረት ነው፤ ውሃ ፍጥነቱ ሲቀንስ የተሸከመውን አፈር ያስቀምጣል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ትልቅ ነው፤ ብዙ ፎስፈረስ፣ ከባድ ብረቶችና አንዳንድ ጸረ ተባይ ኬሚካሎች የሚጓዙት ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ነውና።

ችግሩ በውሃ የሚሟሟው ነገር ላይ ነው። በዚያው ትሪ ላይ ጨው ወይም የምግብ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ አፍስሱ። ስፖንጁ አይይዘውም፤ አልፎ ይሄዳል። እኔ ብሆን ሙከራውን ሁለት ጊዜ አሠራቸዋለሁ፦ አንዴ በጭቃ ውሃ፣ አንዴ በቀለም ውሃ። በሁለተኛው ዙር ልጆቹ "አልሠራም!" ሲሉ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ውህድ እንደ ቀለሙ ሟሚ ነው። ሆኖም ጤነኛ ረግረግ ናይትሬትን ይቀንሳል። ስፖንጁ የማይችለውን ረግረጉ እንዴት ቻለ? ረግረጉ ሕይወት ስላለበት ነው።

እያንዳንዱ ቆሻሻ የየራሱ መንገድ አለው

"ብክለት" የሚለው ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ልጆች ከረጢቱን ፈትተው እያንዳንዱን "አንተ የት ሄድክ?" ብለው ቢጠይቁ ምስሉ ይገለጥላቸዋል።

ናይትሮጅንን እንውሰድ። ከሰው ፍሳሽ፣ ከእንስሳት እበትና ከማዳበሪያ ይመጣል። ከፍሳሽ ሲመጣ በአብዛኛው አሞኒያ ነው። ኦክስጅን ባለበት ቦታ፣ ማለትም በውሃው ላይኛው ክፍልና በሥሮቹ ዙሪያ፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ ጥቂት ሚሊሜትር ተጉዞ ኦክስጅን ወደሌለበት ጭቃ ሲገባ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። እነዚህ ደግሞ በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬቱን "ይተነፍሱታል"፤ የሚተርፈው የናይትሮጅን ጋዝ ነው። ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ይኸው ጋዝ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ናይትሮጅን በእርግጥም ከረግረጉ ወጥቶ ሄደ። ለዚህ ግን ሁለቱም ዓይነት ቦታ፣ ኦክስጅን ያለውም የሌለውም፣ ተቀራርበው መገኘት ነበረባቸው። ያ በሥሩ ዙሪያ ያየነው ዝገት የዚህ ሁሉ ምስክር ነው።

ፎስፈረስ እንዲህ ያለ በር የለውም። በረግረግ ውስጥ ጋዝ ሆኖ የሚያመልጥበት ቁም ነገር ያለው መንገድ አያገኝም። ወይ በጭቃው ውስጥ ካለው ብረት፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ጋር ይጣበቃል፣ ወይ ተክል ውስጥ ይገባል። ተክሉ ሲሞትና ሲበሰብስ ብዙው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከብረት ጋር የተጣበቀውም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም፤ ውሃው ሥር ኦክስጅን ጭልጥ ብሎ ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟና ፎስፈረሱን ይለቀዋል። ስለዚህ ረግረግ ለፎስፈረስ መጋዘን ነው። መጋዘን ደግሞ ይሞላል።

የበሽታ ተህዋሲያንስ? ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ይሞታሉ። የፀሐይ ብርሃን ይገድላቸዋል፣ ሌሎች ጥቃቅን ሕዋሳት ይበሏቸዋል፣ ከደለል ጋር ይዘቅጣሉ። ውሃው ረግረጉ ውስጥ በቆየ ቁጥር ቁጥራቸው ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አያልቅም፤ ከረግረግ የወጣ ውሃ የመጠጥ ውሃ አይደለም።

ሜርኩሪ፣ እርሳስና ካድሚየም ንጥረ ነገሮች ናቸው። ምንም ባክቴሪያ ሊሰባብራቸው አይችልም። ይቀበራሉ፤ ወይም ወደ ሕያዋን አካል ይገባሉ። ፕላስቲክም ቢሰባበር ትናንሽ ፕላስቲክ ይሆናል እንጂ የትም አይሄድም።

ይህን በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ በጨዋታ ማስተማር ይሻላል። የክፍሉን ማዕዘኖች ውሃ፣ ጭቃ፣ ተክልና አየር ብላችሁ ሰይሟቸው። ግማሹ ልጅ የናይትሮጅን፣ ግማሹ የፎስፈረስ ቅንጣት ይሁን። በዳይስ እየተጣለ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይዘዋወሩ። ሕጉ አንድ ነው፦ ፎስፈረስ አየር የሚባለው ማዕዘን አይገባም። ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ የናይትሮጅን ልጆች አየር ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ። የፎስፈረስ ልጆች ጭቃ ላይ ተጨናንቀው "ቲቸር፣ እኛ መቼ ነው የምንወጣው?" ይላሉ። በቃ፣ ገብቷቸዋል። ቀጥሎ አንድ "አጫጅ" አስገቡና ከተክል ማዕዘን የቆሙትን ከክፍል አስወጧቸው። ሸንበቆ ታጭዶ ሲወሰድ ፎስፈረሱም አብሮ ይወጣል ማለት ነው።

ሌላው መውጫ ዓሣ ነው። የህንዷ ኮልካታ በስተምሥራቋ 12,500 ሄክታር የሚሸፍን ረግረግ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያላቸው ረግረጎች በሚመዘገቡበት የራምሳር ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የከተማዋ ፍሳሽ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ይገባል። ፀሐይ፣ ባክቴሪያና ዋቅላሚ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ) ያብላሉታል፣ ዋቅላሚውን ዓሣ ይበላዋል፣ ዓሣውን አስጋሪዎች አውጥተው ይሸጡታል። የፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የት ሄደ ቢባል አንዱ መልስ "ገበያ ሄደ" ነው። ይህን የሰማ ልጅ ወዲያው "ሜርኩሪ ቢኖርበትስ?" ካለ ማስተማራችሁ ሠርቷል። የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ መቀላቀል የለባቸውም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣው ለምን ሞተ?

የውሃ ብክለት ትምህርት ላይ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ማዳበሪያ ሐይቅ ውስጥ ገባ፣ ዓሣ ሞተ። ልጆች የሚደመድሙት ማዳበሪያው መርዝ ነው ብለው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ማዳበሪያው ዓሣውን አልነካውም። ዓሣው የሞተው ታፍኖ ነው።

አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ሌላ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። "ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አለ፤ ዓሣ የሚተነፍሰው እሱን ኦክስጅን ነው" የሚል ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው ከአየርና ከውሃ ውስጥ ዕፅዋት መጥቶ የተሟሟውን ኦክስጅን ነው። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውሃ ከ9 ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ብቻ ይይዛል። በ0 ዲግሪ 14.6 ሚሊግራም ይይዝ ነበር፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዓሦች ይቸገራሉ፤ ከ2 በታች አብዛኞቹ መቋቋም አይችሉም።

አሁን ታሪኩን በቅደም ተከተል እንንገራቸው። ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲበዙ ዋቅላሚ ይፈላል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ብርሃን ወደ ታች አያልፍም፣ ከሥር ያሉ ዕፅዋት ይሞታሉ። ዋቅላሚውም ዕድሜው አጭር ነው፤ ይሞትና ይዘቅጣል። ባክቴሪያዎች ድግስ ያገኛሉ። ሲበሉ ኦክስጅን ይጠቀማሉ፤ በብዛት ሲበሉ በብዛት ይጠቀማሉ። ዓሣው የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው፤ በተለይ ሊነጋጋ ሲል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሁሉም ኦክስጅን ሲጠቀም አድሮ ማንም ሳያመርት ባነጋበት ሰዓት።

ይህን ባክቴሪያ የሚሠራውን ሥራ በዓይን ማሳየት ይቻላል። እርሾ፣ ወተትና ሜቲሊን ብሉ የሚባለው የቤተ ሙከራ ቀለም ብቻ ይበቃል፤ እርሾው በባክቴሪያዎቹ ቦታ ይሠራል። ለብ ባለ ውሃ እርሾ በጥብጡና ለሦስት የመስታወት ቱቦዎች አካፍሉ። አንደኛው ላይ ውሃ፣ ሁለተኛው ላይ ጥቂት ወተት፣ ሦስተኛው ላይ ብዙ ወተት ጨምሩ። ሁሉም ላይ ቀለሙን ጠብ አድርጉ። ሦስቱም ሰማያዊ ይሆናሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ወተት ያለበት ቱቦ ሰማያዊነቱ እየደበዘዘ ይነጣል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ቀለሙ ይጠፋልና። ላዩ ላይ ግን ስስ ሰማያዊ ቀለበት ይቀራል፤ አየር የሚነካው እዚያ ብቻ ነው። ቱቦውን በክዳን ዘግታችሁ ስትነቀንቁት ሰማያዊው ይመለሳል፤ ስታስቀምጡት እንደገና ይጠፋል። ልጆች ይህን ደጋግመው ካልሠሩ አይለቋችሁም። (ቀለሙ ልብስ ላይ ከተንጠባጠበ አይለቅም፤ ወላጅ እንዳይቀየማችሁ ሽርጥ አልብሷቸው።)

ከሙከራው የሚወጣው ቁም ነገር ወተቱ ነው። ወተት ቆሻሻ አይደለም፤ እንጠጣዋለን። ወንዝ ውስጥ ቢፈስ ግን ባክቴሪያዎችን የሚያስፈጀው ኦክስጅን በሊትር ሲሰላ ከተራ የቤት ፍሳሽ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ "በካይ" ማለት "መርዝ" ማለት ብቻ አይደለም። ለባክቴሪያ የተትረፈረፈ ምግብም በካይ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ የስኳር ፋብሪካ፣ የቄራና የወተት ማቀነባበሪያ ፍሳሽ ለምን እንደሚያስፈራ ሳይነገረው ይገባዋል።

የሐይቁን መጋረጃ ታሪክም አትዝለሉት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ ሐይቆችን አረንጓዴ የሚያደርገው የቱ ንጥረ ነገር ነው የሚለው ጉዳይ ትልቅ ክርክር ነበር። የሳሙና ፋብሪካዎች የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ነው መባሉ አልተመቻቸውም። በ1973 በካናዳ ኦንታርዮ ግዛት ዴቪድ ሺንድለር የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ 226 የሚል ቁጥር የተሰጠው ትንሽ ሐይቅ ወሰዱ። ወገቡ ላይ ጠበብ ይላል። እዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች መጋረጃ ጋረዱበትና ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በአንደኛው በኩል ብቻ ፎስፈረስ አከሉ። ፎስፈረስ የገባበት ግማሽ አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ጠቆር ብሎ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ ዝነኛ ሆነ፤ ፎስፌት ያለበትን ሳሙና ለመገደብ በተደረገው ክርክርም ከባድ ማስረጃ ነበር። ለታዳጊ ልጅ ከዚህ የተሻለ የ"መቆጣጠሪያ ሙከራ" ምሳሌ አላውቅም። ሁለት ግማሽ፣ አንድ ልዩነት።

ረግረጉ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ደግሞ በሌላ ሐይቅ ታይቷል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ ታላቁ ጥቁር ረግረግ የሚባል ሰፊ መሬት ነበር፤ ወደ 4,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሰዎች ቦይ እየቆፈሩና ከመሬት በታች ቱቦ እየቀበሩ አደረቁት። ለም እርሻ ወጣው። እርሻው ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ቦዮቹ ደግሞ ውሃውን ሳያሳርፉ በማውሚ ወንዝ በኩል ወደ ኢሪ ሐይቅ ያደርሱታል። በኦገስት 2014 በዚያው የሐይቁ ጫፍ የምትገኘው የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎችና አካባቢዋ፣ ከ400,000 በላይ ሰዎች፣ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠጡ ተባሉ። ሐይቁ ላይ የፈላው ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ለቅቆ ነበር። "አፍልታችሁ ጠጡ" ማለት እንኳ አልተቻለም። ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። እዚህ ላይ ለልጆቹ ካርታ ስጧቸውና ወንዙን በጣታቸው ይከተሉት። ብዙ ንግግር አያስፈልግም።

ጥቂቱ ሲበዛ

ከባድ ብረቶችና አንዳንድ ጸረ ተባዮች የሚጓዙበት መንገድ የተለየ ነው። ልጆች "ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም" ይላሉ። በካሊፎርኒያ ክሊር ሌክ በሚባል ሐይቅ የሆነው መልስ ይሰጣቸዋል። ሰው እንኳ የማይነክሱ ትንኞች ስላስቸገሩ ከ1949 ጀምሮ ሦስት ጊዜ የዲዲቲ ዘመድ የሆነው ዲዲዲ የተባለ ጸረ ተባይ ተረጨ። በውሃው ውስጥ የነበረው መጠን ከሚሊዮን ክፍል 0.02 ገደማ ብቻ ነበር። ዓሣ የሚበሉት የሐይቁ ወፎች መሞት ጀመሩ። ስባቸው ሲመረመር ኬሚካሉ ከሚሊዮን 1,600 ክፍል ደርሷል። ልጆቹ ራሳቸው ያካፍሉት፤ 80,000 እጥፍ ይወጣቸዋል። ኬሚካሉ ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሰውነት አይወጣም፤ በምግብ ሰንሰለቱ በየደረጃው የሚበላው ሁሉ የተበላውን ጭነት ይረከባል። የጃፓኗ ሚናማታ በሜርኩሪ ያየችው አበሳ፣ በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ፣ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ግን በሰንሰለቱ ጫፍ የነበሩት ዓሣውን የበሉት ሰዎች ናቸው።

ወደ ውሃው ሲወጡ

የመስክ ጉብኝት ካለ በመጀመሪያ ደህንነት። በሞቃት አገሮች ቀንድ አውጣ ያለበት የቆመ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖረው ይችላል፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልገውም። ስለዚህ ልጆች በባዶ እግራቸው አይግቡ። ቦት ጫማ፣ ረጅም ጓንት፣ እጅ መታጠብ። የፍሳሽ መውጫ አፍ አጠገብ ናሙና የሚቀዳው መምህሩ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ በባልዲ የተቀዳ ውሃ ዳር ላይ ተቀምጦ ማየት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዓይን እንደሚያታልል ንገሯቸው። ኩልል ያለ ውሃ ናይትሬት ወይም ጸረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል፤ ሁለቱም አይታዩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ናይትሬት ያለበት ብርጭቆና የሌለበት ብርጭቆ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ መለየት አይቻልም። በተቃራኒው ከበሰበሰ ቅጠል በሚወጣ ቀለም ቡናማ የሆነ ረግረግ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። በ1865 ጣሊያናዊው ቄስና ሳይንቲስት አንጄሎ ሴኪ በመርከብ ላይ ሆኖ ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ባህር እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራል። ልጆች ከፕላስቲክ ክዳን ቆርጠው፣ ጥቁርና ነጭ ቀብተው፣ ድንጋይ አስረው ይሠሩታል።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ነፍሳቱን ነው። ወንፊት ውሃው ሥር ጎትተው ነጭ ሳህን ላይ ይገለብጡታል። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ይመስላል። ትንሽ ሲጠብቁ ጭቃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። የውሃ ተርብ እጭ በስድስት እግሯ ትወጣለች። ደማቅ ቀይ ትል ይጠማዘዛል፤ የአንድ ዓይነት ትንኝ እጭ ነው፣ የቀላውም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። ይህ ቀይነት ጌጥ አይደለም። ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ለመኖር ያስችለዋል። ሳህኑ ላይ እሱና አልቅት ብቻ ከሞሉ፣ ሌላ ነገር ከሌለ፣ ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙ ዓይነት ካለ ጥሩ ምልክት ነው። በደቡብ አፍሪካ የተሠራው ሚኒ ሳስ የሚባል ዘዴ ይህንኑ ለተማሪ በሚመች መልኩ በ13 የእንስሳት ቡድኖች ነጥብ እየሰጠ ያስኬዳል። የተሠራው ግን ለሚፈስ ወንዝ ነው። ፈጣን ውሃ የሚወዱ ነፍሳት በረግረግ ባይገኙ ረግረጉ ተበክሏል ማለት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ቤታቸው አይደለም። ለረግረግ የሚሻለው ሁለት ቦታ ማወዳደር ነው፦ ፍሳሽ የሚገባበትን ጎንና ራቅ ያለውን።

ውሃው ላይ እምቦጭ ካለም በዝምታ አትለፉት። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። ንጥረ ነገር በፍጥነት ይመጥጣል፤ "ታዲያ ያጸዳል ማለት ነው!" የሚል ልጅ ይኖራል። እዚያው ከተተወና ከበሰበሰ የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል፤ በዚያ ላይ ምንጣፍ ሆኖ ውሃውን ስለሚሸፍን ከሥሩ ኦክስጅን ያሳጣል።

ረግረግ ይደክማል?

ይህ ጥያቄ ከልጆች መምጣቱ አይቀርም። አዎ፣ ይደክማል። በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ግዙፍ ረግረግ ከእርሻ የመጣ ፎስፈረስ የበዛበት ቦታ ላይ ነባሩ ስለታም ሣር ለቅቆ በፊላ ተተክቷል። ረግረጉ ደረቀ አይባልም፣ አረንጓዴ ነው፤ ግን ሌላ ረግረግ ሆኗል። ነባሩ ተክል የለመደው እጅግ ድሃ ውሃ ነበር። የተቀመጠው የፎስፈረስ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ ከሚሊግራም አንድ መቶኛ ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ውሃው ኤቨርግሌድስ ከመግባቱ በፊት በሰው ሠራሽ ረግረጎች ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፎስፈረሱ የሚቀረው በእነዚያ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ጭቃው ደግሞ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ እንክብካቤ አይለየውም።

ለፈተና "የረግረግ አራት ጥቅሞችን ዘርዝር" ከማለት ይልቅ የምመርጠው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ "አንድ ከተማ ፍሳሹን ለ30 ዓመት ወደ አንድ ረግረግ ለቀቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከረግረጉ የሚወጣው ውሃ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ቀንሶ ነበር። አሁን ናይትሮጅኑ አሁንም ይቀንሳል፤ ፎስፈረሱ ግን እንደገባ ይወጣል። ለምን?" አየርና ጭቃን ለይቶ የጻፈ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። "ሸንበቆው ታጭዶ አያውቅም ነበር?" ብሎ መልሶ የጠየቀው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል።